ካሜራዋና የእትዬ አስካለ ጣት

ሰኞ፣ የካቲት 2

ካሜራዋን ገና ከካርቶኗ ሳትወጣ ጠላኋት።

ጠዋት ሥራ እንደገባሁ አቶ ደረጀ ቢሮ አስጠሩኝ። የምርት ክፍል ኃላፊያችን ናቸው፤ ሰው የሚያስጠሩት ለምስጋና አይደለም። ጠረጴዛቸው ላይ የሳሙና ሣጥን የምታክል ብርማ ካሜራ ተቀምጣለች። "ከነበሩት ሁሉ ርካሿ ናት" አሉኝ፣ ብዙ እንዳልጠብቅ። አንሶላችንን የሚገዙት ሆቴሎች እንከን ባገኙ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይልካሉ። እኛ ግን ስልክ ወደ ማሽን አዳራሹ ስለማይገባ መልሰን የምናሳየው ነገር የለንም።

"አንድ ሳምንት ሞክሪያት። ምን እንደምታይና ምን እንደማታይ ጽፈሽ ለሰኞ አምጪልኝ። ዓይንሽን ስለማምነው ነው።"

ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል በሩ ላይ መለሱኝ። "እናንተ የምታዩትን ካየች መቼም አራት መርማሪ አያስፈልገንም። ሁለት ይበቃል። ለጊዜው በእኔና ባንቺ መካከል ይሁን።"

ማን እንደሚቀነስ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከአራታችን መጀመሪያ የሚሰናበቱት እትዬ አስካለ ናቸው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ዓይናቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጨርቁን በእጃቸው ሲዳብሱ ያየ ሁሉ ያውቃል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። የቁመቱ ክር ድር፣ የአግድሙ ማግ መባሉን እንኳ ሳላውቅ ነበር የመጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ሞከርኳት። እኛ እንከን ስናገኝ ጨርቁ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር እናስራለን። አንድ ጣቃ ዘርግቼ ቀይ ክር ያለበትን ቦታ ሁሉ አነሳሁ። ፍላሿ ቦግ ቦግ ይላል።

የዘይት ጠብታ፦ አየች።
የተበጠሰ ድር፦ አላየችም።
ቋጠሮ፦ አላየችም።
የሳሳ ቦታ፦ ጭራሽ።

ፎቶው ነጭ ብቻ ነው፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ። እሰይ አልኩ። ወላሂ፣ እሰይ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ያለ ፍላሽ። የባሰ።

በአዳራሹ መብራት ነጩ ጨርቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ። እጄ ስለተንቀጠቀጠ ግማሹ ተደበዘዘ። የቀረው ደግሞ ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ካሜራዋ ብርሃን ሲያንሳት ከራሷ ነጠብጣብ እየፈጠረች ትሞላበታለች። ዙም ሳደርግማ ክሩ ሁሉ ሟሟ። ይህንን ሁሉ በደስታ መዘገብኩ።

በምሳ ሰዓት ለእትዬ አስካለ "ዕውር ናት" አልኳቸው። የአቶ ደረጀን ነገር አልነገርኳቸውም። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እንጀራቸውን እየጠቀለሉ "ብርሃኑን በየት በኩል ሰጠሻት?" አሉኝ።

"የአዳራሹን ነዋ።"

"እሱ ብርሃን ነው?" ብለው መብላታቸውን ቀጠሉ።

ሌላ ነገርም ተፈጠረ። ቁጥር ስድስት ጣቃን ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ አሳልፌ ምንም አላገኘሁበትም። ፈርሜበት ላስወጣው ስል እትዬ አስካለ በአጠገቤ ሲያልፉ እጃቸውን ጣል አደረጉበትና ቆሙ። "ዘይኑ፣ ይሄ ጣቃ ውስጡ አንድ ነገር አለው።" የት እንደሆነ ስጠይቃቸው "ገና ነው፣ ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል" አሉ። ሦስተኛ ጊዜ አየሁ። የለም። ፈረምኩና ወደ መጋዘን ሰደድኩት።

እትዬ አረጁ ብዬ አሰብኩ። አሳዘኑኝም። ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ቆሜ ሳስብ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ ጥሩ ነገር ሆነ። ጥሩ ነው መሰለኝ።

"በየት በኩል?" የሚለው ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳኝ። ሥራ በጀመርኩ ቀን ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር እኮ እሱ ነው፤ ጨርቁን ወደ መስኮት ወስደው ጸሐይዋ በላዩ ተንሸራትታ እንድታልፍ አድርገው "ፊት ለፊት አትጋፈጪው፣ ጎኑን እዪው" ብለውኝ ነበር። ለእኔ ያስተማሩኝን ለካሜራዋ ነፍጌያት ሁለት ቀን ሙሉ ዕውር ስላት ከረምኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በምሥራቁ መስኮት ጸሐይ በአግድም ትገባለች። ፍላሹን አጠፋሁ። ቁልፎቿን ስነካካ ትንሽ የአበባ ምልክት አገኘሁ፤ ቀረብ ብሎ ለማንሳት ነው መሰለኝ። ሁለት ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ተጫንኩ።

በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ሁሉም ነገር ቆንጆ ስለሚመስል አላመንኳትም። ቢሮ ሄጄ የአቶ ደረጀን ጸሐፊ ሄለንን ኮምፒውተር ላይ እንድትከፍትልኝ ለመንኳት። ከፈተች። አሰፋችው። "እስቲ ጨምሪ" አልኳት። ጨመረች።

ሱብሐነላህ።

አንድ ክር አንድ ክር አይደለም። ስንትና ስንት ቀጫጭን ጭራዎች ተጠምዝዘው ነው አንድ ክር የሚሆኑት። ማጉ በድሩ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ በየመውረጃው ደግሞ የራሱ ጥላ አለው። ከየክሩ ጎን ጸጉር ቆሟል። አንዱ ጥግ ላይ ቡናማ ነገር አየሁና ቆሻሻ መሰለኝ። ሄለን ስታሰፋው የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። ከየትኛው ማሳ እንደመጣች አላህ ይወቅ፤ መዳመጫውን አልፋ፣ መፍተያውን አልፋ፣ ሽመናውን አልፋ አንሶላ ውስጥ ተሰክታለች። እኔንም አልፋለች።

አሥራ ሰባት ዓመት ጨርቅ ሳይ ኖሬ ክር አይቼ አላውቅም ነበር። ሄለን "ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ?" አለችኝ። ጸሐይ ነው አልኳት። ቢሮው ውስጥ ጸሐይ የለም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉን ረሳሁት። ወደ አዳራሹ ስመለስ እትዬ አስካለ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆመው አየኋቸው። ካሜራዋ ታያለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጉድለት ስፈልግላት ዋልኩ። መርማሪ አይደለሁ? ባለቤቴ ሰይድ "እኔንም ስታገባኝ ገልብጣ ነው ያየችኝ" እያለ ለሰው ያወራል።

አራቱ ጥጎች ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ መሐሉ ብቻ ነው የጠራው። በጣም ከተጠጉ ትሳሳታለች፤ አንድ ጣት ያህል ራቅ ማለት ይፈልጋል። ደመና ከመጣ ነጠብጣቡ ይመለሳል። ነጩን ጨርቅ ሁልጊዜ ትንሽ ግራጫ ታደርገዋለች። ባትሪዋ ቶሎ ያልቃል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የተበጠሰ ድር፣ አየች። ቋጠሮ፣ አየች። ከቀይ ክሮቼ አንዱንም አልሳተችም።

እና ሸይጣን አጠገቤ ቁጭ አለ። የሰኞና የማክሰኞ ፎቶዎች አሉኝ። እነሱን ብቻ ወስጄ "ይኸው" ብል ውሸት አይደለም፤ ካሜራዋ ያነሳቻቸው ናቸው። አቶ ደረጀ አይተው ወደ ካርቶኗ ይመልሷታል፣ እትዬ አስካለም ሁለት ዓመታቸውን ይጨርሳሉ። ማን ይጎዳል?

ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እሷ ከእኔ በላይ የምታይ ከሆነ ቁጥር ስድስትን ለምን አላሳያትም? ትዕዛዙ ስላልሞላ ጣቃው መጋዘን ነው። አስወጥቼ መስኮቱ ሥር መጎተት ጀመርኩ። እየጎተትኩ አነሳለሁ፣ እየጎተትኩ አነሳለሁ። በአበባዋ ምልክት አንድ ፎቶ የሚይዘው የመዳፍን ግማሽ ነው፤ ጣቃው መቶ ሜትር ነው። ሰማንያ ፎቶ ሳነሳ ባትሪው አለቀ። ገና መጀመሪያው ላይ ነበርኩ። የተነሳው ሁሉ ደግሞ ንጹህ ነው።

ጣቃው ደህና ነው ብዬ መልሼ ጠቀለልኩት። ግን "ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል" ያሉት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እትዬ አስካለ በጨርቅ ቀልደው አያውቁም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ሁሉን በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለበለዚያ ነገ ራሴም አላምነውም።

ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ቀጥታ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። "ቁጥር ስድስትን ያሳዩኝ" አልኳቸው። "ፈርመሽበት የለ?" አሉኝ። "ፈርሜበታለሁ። ያሳዩኝ።"

ጸሐይዋ ወደ ምዕራቡ መስኮት ስለዞረች ጠረጴዛውን እኔና ከአራታችን አንዷ የሆነችው ጫልቱ ገፍተን ወሰድነው። ጫልቱ ትጎትታለች፣ እትዬ አስካለ ሦስት ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨርቁ በጣታቸው ሥር ይነጉዳል። እኔ የማየው ፊታቸውን ነው፤ ጎረቤት የሚያወራውን በግድግዳ በኩል እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነዋል። ከመሐል በጣም አልፈን ነበር።

"እዚህ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፊት ለፊት አየሁ፣ ጎኑን አየሁ። ነጭ ጨርቅ። "እትዬ፣ ምንም የለም።"

"ለእሷ አሳያት" አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ካሜራዋ እየጠቆሙ።

ክርኔን ተክዬ ሦስት ጊዜ አነሳሁና ወደ ሄለን ሮጥኩ። ስታሰፋው መጀመሪያ አልታየኝም። ከዚያ ታየኝ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የጣት ስፋት ያላት መንገድ አለች፣ ማጎቹ እዚያ ላይ ራቅ ራቅ ብለዋል። በስክሪብቶ ጫፍ ቆጠርኩ። እኩል ስፋት ባለው ሌላ ቦታ ሃያ ሁለት ማግ፤ እዚያች ላይ አሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።

ሦስት ክር። ያ ጨርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ቢታጠብ በዚያች መስመር ይቀደዳል። የእኔ ዓይን አላየውም፣ የመስታወቱ ጠረጴዛ መብራትም በርትቶ ውጦታል። እሳቸው ግን ማክሰኞ ዕለት በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ከጥቅሉ ላይ ያለውን ዙር ብቻ ነክተው፣ ማሽኑ መሳሳት እንደጀመረ አውቀው ነበር።

ቢሮው ውስጥ አንዴ ስክሪኑን አያለሁ፣ አንዴ በመስኮት እሳቸውን አያለሁ። የቱ ይበልጥ እንደሚገርመኝ አላወቅኩም። ያቺ የሳሙና ሣጥን የምታክል ነገር ሦስት የጎደሉ ክሮችን አየች። እኚያ ሴትዮ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

ተመልሼ ሁሉን ነገርኳቸው። አራቱ ሁለት እንደሚሆኑ፣ የሚጽፈው ሰው እኔ እንደሆንኩ።

"አውቃለሁ። ሰኞ ዕለት ነው የሰማሁት" አሉኝ። "አቶ ደረጀ ቀስ ብሎ መናገር አይችልም።"

"እና እያወቁ ነው ስለ ብርሃኑ የጠየቁኝ?"

"ታዲያ ዓይን ላላት ነገር ብርሃን ልንነፍጋት ነው?" ተቆጡኝ። እውነተኛ ቁጣ ነው፣ እንደ ድሮው። "ያየችውን አይታለች ብለሽ ጻፊ። በጨርቅ ዋሽተን አናውቅም።"

ሸይጣኑ ከአጠገቤ ተነስቶ ሄደ። ፍርሃቱ ግን አልሄደም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ግማሽ ቀን ነው የሠራነው። ሴቶቹ ለሰኞው ጾም የቅበላውን ሥጋ ሊገዙ ወደ አቃቂ በሰቃ ገበያ ለመሮጥ ቸኩለዋል። እትዬ አስካለን "አንዴ ጣትዎን ያሳዩኝ" ብዬ አስቆምኳቸው። ሳቁብኝ። "ምኑን ታነሺዋለሽ፣ ለመታወቂያ እንኳ አልሆነም!"

እውነታቸውን ነው። አዲሱን ዲጂታል መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው አሻራቸው አልነበብ ብሎ ነበር። ልጅቷ ጣታቸውን በለስላሳ ጨርቅ ብትጠርግ፣ ክሬም ብትቀባ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በዓይናቸው ተመዘገቡ። ያን ቀን "ሰው አይደለሽም ተብዬ መጣሁ" እያሉ ሲያስቁን ውለዋል።

መስኮቱ ሥር፣ በአበባዋ ምልክት፣ ሌባ ጣታቸውን አነሳሁ።

ሰይድ ከጭነት መኪናው ጋር ከጅቡቲ መንገድ ትናንት ማታ ነው የገባው። ዛሬ ቤት ውስጥ ፎቶዎቹን በካሜራዋ መስኮት እያሳለፈ ሲያይ ቆየና አንዱ ላይ ቆመ። "ይሄ ደግሞ የምን ጨርቅ ነው? ሐር ነው?"

የእትዬ አስካለ ጣት ነበር። እንደኛ የአሻራ መስመር የለውም። ጠርዙ ላይ ጥቂት ቀርቷል፣ መሐሉ ልስልስ ብሎ አልቋል። በእሳቸው ጣት ሥር ያለፈው ጨርቅ ሁሉ እየወሰደ እየወሰደ ሄዷል። ለሰይድ ስነግረው ካሜራዋን ዓይኑ ድረስ አስጠጋት። ከዚያ የራሱን ጣት ወደ መብራቱ አዙሮ ያይ ጀመር።

እሑድ፣ የካቲት 8

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። አንዱ ልመና ሆነብኝ፣ አንዱ ስድብ፣ አንዱ ደግሞ የትምህርት ቤት ድርሰት። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ልብስ አስጥቼ ስመለስ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፦

"ካሜራዋ በፍላሽም በአዳራሹ መብራትም አትጠቅምም። በጠዋትና ከሰዓት በኋላ ብርሃን፣ ከጎን፣ እጅ ተደግፎ ከተነሳባት ከእኔ ዓይን የበለጠ ታያለች። የት እንደምታይ ግን አታውቅም። ቁጥር ስድስት ጣቃን እኔ መርምሬ አሳልፌው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሜራዋም ብቻዋን ሰማንያ ጊዜ አይታ አላገኘችውም። ያገኘው የእትዬ አስካለ እጅ ነው። ካሜራዋ ያረጋገጠችው እጃቸው ያሳያትን ነው። የሳሳችውን መስመር ሁለት ፎቶ አያይዣለሁ።"

የጣታቸውን ፎቶ ሦስተኛ አድርጌ ልጨምር አልጨምር እያልኩ ዋልኩ። ጨመርኩት።

ስለ ራሴ ጥፋት የጻፍኩበትን መስመር ልሰርዘው ስክሪብቶ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ሁለት ይበቃል ከተባለ አንዷ ተቀናሽ እኔ ልሆን እችላለሁ። ይሁን።

ሰኞ፣ የካቲት 9

የእትዬ አስካለ ጾም ዛሬ ገባ፣ የእኛም በዚሁ ሳምንት ነው።

አቶ ደረጀ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፎቶዎቹን በሄለን ኮምፒውተር አይተው ማጎቹን ራሳቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ መጋዘን ገብተው፣ ሁላችንም አሳልፈነው የነበረ ጣቃ መርጠው አመጡ። "ያሳዩኝ" አሏቸው እትዬ አስካለን።

ጫልቱ ጎተተች። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሩብ አለፈ፣ ግማሽ አለፈ፣ ጣቃው አለቀ። "ንጹህ ነው" አሉ።

የአቶ ደረጀ ፊት ሲቀዘቅዝ አየሁ። በልቤ እትዬ፣ ለምን የሆነ ቦታ ቆም አይሉም ነበር አልኩ። እሳቸው ግን ቅንጣት አልተጨነቁም። ሁለተኛ ጣቃ መጣ። ሩብ ላይ ቆሙ።

"እዚህ ድሩ ላልቷል።"

ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ምንም የለም። አነሳሁ፤ እጄ ከድቶኝ ተደበዘዘ። ክርኔን ተክዬ ደግሜ አነሳሁ። አቶ ደረጀ ስክሪኑን ራሳቸው አሰፉት። አንድ ድር ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ቀጭን ጥላ ጥሏል። ሰውየው ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኚያ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ ሰው ተቀምጠው አዩት። ከዚያ ሦስተኛውን ፎቶ መልሰው ከፈቱና ጣቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ያለ ነበር። "እትዬ አስካለ፣ ለጡረታዎ ስንት ቀረዎት?"

"ሁለት ዓመት።"

"በሁለት ዓመት ይህንን ለስንት ሰው ያስተምራሉ?"

ስለ አራትና ስለ ሁለት አንድም ቃል አልተናገሩም። ነገሩ አልቋል ማለት አልችልም። ግን ጥያቄያቸው ጥያቄ ነበር፣ መልሱን ቆመው ጠበቁ።

እትዬ አስካለ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እንጃ" አሉ። "ይቺን በአሥራ ሰባት ዓመት ገና አልጨረስኳትም።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ፣ በዚህኛው ጊዜ እውነትም ጸሐይ ነበረች። ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምሥራቁ መስኮት ሥር፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጀምራለሁ።